ካሜራው ካለፈ በኋላ

ከአውቶቡስ ጋራዡ ፊት ለፊት፣ በጫማ ሰፊውና በመድኃኒት ቤቱ መሀል ተጨናንቃ የገባችውን ጠባብ ፎቶ ቤት የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ባለቤቷን በስሟ የሚጠራ ግን ተፈልጎ አይገኝም። ሁሉም «ቀና በሉ» ነው የሚሏት። ሃምሳን ሊደፍን ጥቂት በቀረው ዕድሜዋ ከአፏ የዚህን ቃል ያህል ደጋግሞ የወጣ ስለሌለ ነው። ደንበኛውን በርጩማው ላይ ታስቀምጥና «ቀና በሉ፣ ትንሽ ቀና፣ አዎ፣ እንደሱ፣ እንዳይተነፍሱ!» ትላለች። ሙሽራውን፣ ተማሪውን፣ ጡረተኛውን፣ ሥራ የተቀጠረውንና ከሥራ የተባረረውን ሁሉ ቀና አድርጋለች። በዚያ ሰፈር በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ቀና ያለ ሰው ካለ፣ ያቺ ቀን እሷ ፊት የተቀመጠባት ቀን ናት።

ሙያውን ያወረሳት አጎቷ ነው። በፊልም ዘመን አጎትየው የትምህርት ቤት ተማሪዎችን በሙሉ በአንድ ፎቶ እንዲያነሳ ሲታዘዝ፣ ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ አንስቶ፣ በመቀስ ቆርጦ በማጣበቂያ ያጋጥም ነበር። መጋጠሚያው ላይ የቆመ ልጅ ግማሽ ጆሮ ይጎድለዋል። ወላጅ መጥቶ ሲጮህ አጎትየው «ሁለት ጆሮ ምን ያደርግለታል? ባንዱም አይሰማ!» ብሎ ይመልሳል። ቀና በሉ ያኔ ልጅ ነበረች፤ ማጣበቂያውን የምትቀባው እሷ ነበረች። ሰው ሳይጎድል ሰው ከሰው ማጋጠም የሚባለው ነገር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሆዷ ቀረ።

ኋላ ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ የአካባቢው ፎቶ አንሺ ግማሹ ሱቁን ዘግቶ ወደ ሌላ ንግድ ገባ። እሷ ግን ሙጭጭ አለች። ባሏ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ልጃቸው ገና ፊደል ሳትቆጥር ነው የሞተው። ያችን ልጅ ያሳደጋት ካሜራው ነው። ልጅቱ አድጋ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ስትሆን ውለታዋን የመለሰችው እናቷን ኮምፒውተር በማስተማር ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቀና በሉ ማውዙን የምትይዘው ልትነክሳት እንደምትችል አይጥ ነበር። ልጅቱም ሕፃናቱን የምታስተምርበትን ትዕግሥት ሳትቀንስ «ጎበዝ እማዬ! አሁን ደግሞ በቀስታ» ትላታለች። ዛሬ ግን እናትየው የሙሽራ ብጉር በሁለት ጠቅታ ታጠፋለች።

ታሪኩን የጀመረው ግን የጋራዡ ዋና መካኒክ ነው። መካኒኩ ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር፣ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ለእሱ ብቻ የተነገረ ምክር አድርጎ የወሰደ ሰው ነው። ሚስቱን ከቀበረ ቆይቷል፤ ልጆቹም አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። ይህ ሰው ጉርድ ፎቶ የተነሳውን ያህል በዚያ ሰፈር የተነሳ የለም። አንዴ ለመታወቂያ፣ አንዴ ለመንጃ ፈቃድ፣ አንዴ ለጋራዡ መግቢያ ይላል። አንድ ጊዜ ደግሞ «ለቤተ መጻሕፍት» አለ፤ ከመኪና መመሪያ በቀር መጽሐፍ ሲገልጥ ያየው ግን የለም።

ሲመጣም እንዲሁ አይመጣም። ከጋራዡ በር አጠገብ ባለው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ መጀመሪያ በናፍጣ፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ እጁን እስከ ክርኑ ይፈትጋል። ጉርድ ፎቶ እጅ እንደማያሳይ ደግሞ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ከዚያ ገብቶ፣ ለደንበኛ ሁሉ ተብሎ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ጥቁር ኮት በቱታው ላይ ይደርባል። እጅጌው ያጥረዋል። በርጩማው ላይ ቁጭ ይላል። እሷ «ቀና በሉ» ትላለች፤ እሱ ቀና ይላል፤ ብልጭ ይላል፤ «አመሰግናለሁ» ብሎ ይወጣል። ፎቶውን ለመውሰድ በማግስቱ ይመለሳል፤ ስለዚህ አንድ ፎቶ ማለት ሁለት ጉብኝት ማለት ነው። በቃ፣ ጠቅላላ ፍቅሩ ይኸው ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ጫማ ሰፊው ያውቃል፣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ታውቃለች፣ የጋራዡ ሾፌርና ረዳት በሙሉ ያውቃል፤ የማታውቀው ቀና በሉ ብቻ ናት። «ምስኪን፣ የመንግሥት ወረቀት በዝቶበታል» ትላለች። ልጇ አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ «እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ስንት መታወቂያ ነው ያለው? ሰላይ ነው እንዴ?» አለቻት። ቀና በሉ ሌንሱን መወልወል ቀጠለች። ግን ሲወለወል የዋለ ሌንስ ምን ያህል ይጸዳል?

እውነቱን ለመናገር፣ እሷም ከደሙ ንጹሕ አልነበረችም። ያንን ኮት ድሮ የምታጥበው ነገር ሲደፋበት ነበር፤ አሁን አሁን በየሳምንቱ ማጠብ ጀምራለች። የጋራዡ ቧንቧ ሲንፏፏ ስትሰማ መስተዋቱ ፊት ቆማ ሻሿን ታስተካክላለች፤ ደንበኛው የሚያይበት መስተዋት መሆኑን ረስታ። ወዳዋለች። ይህንን ለራሷም አልነገረችም፤ ምክንያቱም ፈራች። በዚህ ዕድሜ ተሳስታ፣ ሰውየው የእውነት የወረቀት ችግር ያለበት ሆኖ ቢገኝ፣ የሰፈሩ መሳቂያ ትሆናለች። ይባስ ብሎ ሰውየው አፍሮ መምጣቱን ይተዋል።

እንዲህ እያለች ሳለ ወሬ መጣ። ጋራዡ ሊነሳ ነው። ከከተማው ዳር፣ አዲስና ሰፊ ግቢ ተሠርቷል፤ አውቶቡሶቹም፣ ሾፌሮቹም፣ መካኒኮቹም ጠቅልለው ይሄዳሉ። ከዚያ ድረስ ለጉርድ ፎቶ ብሎ የሚመጣ ጤነኛ ሰው አይኖርም። ቀና በሉ ወሬውን የሰማች ቀን አንድ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ እያለ አንስታ፣ ሳታየው አትማ ሰጠችው።

የጋራዡ ሥራ አስኪያጅ፣ ሆዱ ከሰውነቱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ራሱ ወደ ሱቋ መጣ።

«ቀና በሉ፣ ከመሄዳችን በፊት መታሰቢያ ፎቶ እፈልጋለሁ። አውቶቡሶቹ በሙሉ፣ ሠራተኛው በሙሉ፣ በአንድ ፎቶ! የአዲሱን ግቢ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን።»

«ግቢያችሁ ጠባብ ነው አለቃ። ወደ ኋላ ልሽሽ ብል ግንቡ አያሸሸኝም። በአንድ ፎቶ አይገባም፤ ብዙ አንስቼ እሰፋዋለሁ።»

«ትሰፊዋለሽ? ጋቢ ነው እንዴ?»

«የጣሪያ ቆርቆሮ ነው በሉት» አለችው። «አንዱ የሌላውን ጫፍ ካልደረበ ውሃ ያስገባል አይደል? የኔም እንደዚያ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ስሄድ እያንዳንዱ ፎቶ ከጎረቤቱ ሲሶውን መድረብ አለበት። ከዚያ ኮምፒውተሩ የተደራረበውን እያየ ያጋጥመዋል።»

ሥራ አስኪያጁ የገባው ቆርቆሮው ብቻ ነው፤ እሱም በቂው ነበር።

የፎቶው ዕለት ጠዋት ግቢው የሠርግ ቤት መሰለ። ቱታ ታጥቧል፣ ጫማ ተወልውሏል፣ ጺም ተላጭቷል። ቀና በሉ እንደ ጄኔራል መሀል ቆማ ታዛለች። አውቶቡሶቹን በግማሽ ክብ አሰለፈቻቸው፤ ሁሉም አፍንጫቸውን ወደ እሷ አዙረው። ሾፌሮቹ አጉረመረሙ። «ቀጥ ብለን ብንሰለፍ ምናለ? እንደ ጨረቃ ጎብጠን ልንቀር ነው!» አሉ። እሷ ግን ቀጥ ያለ ሰልፍ ዳርና ዳሩ ከካሜራው ስለሚርቅ ሲሰፋ ጫፍና ጫፉ እንደሚቀጥን፣ የጎበጠው ግን ተስተካክሎ ቀጥ እንደሚል ታውቃለች። «የምትጎብጡት ለአንድ ሰዓት ነው፣ ቀጥ የምትሉት ለዘላለም ነው» አለቻቸው። በዚህ ተረቱ።

ከሠራተኛው አናት በላይ ለማየት መሀል ላይ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ እስከ ጥጉ አስረዘመችው፤ ራሷ ደግሞ እዚያ ለመድረስ በተቆለሉ አሮጌ ጎማዎች ላይ ወጣች። ጎማ ላይ መቆም እንደ አልጋ ላይ ዝላይ ነው፤ ያረገርጋል። ካሜራውን አቁማ፣ አንዱ ፎቶ ቀን ሌላው ምሽት እንዳይሆንባት ብርሃኑን አንድ ልክ ላይ ቆልፋ፣ ድምፅዋን አጠራች።

«ስሙኝ! ቀና በሉ! ደግሞ ካሜራው ካለፋችሁ በኋላም አትንቀሳቀሱ! ጎናችሁ ያለውን ሳነሳ እናንተም ገና ውስጡ አላችሁ። ገባችሁ?»

«ገብቶናል!» አለ ግቢው ባንድ አፍ።

አልገባቸውም። በዓለም ላይ ካሜራ ካለፈው በኋላ ፊቱን ሳይፈታ የሚቆይ ሰው አልተፈጠረም። ከሁሉም ያልገባው ደግሞ አንድ ሽበታም ረዳት ነበር። አውቶቡሱ ባዶም ሆነ ሙሉ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ መንገደኛ ስለሚጠራ «አንድ ሰው» ነው ስሙ። ለሃያ ዓመት አብሮት የሠራው ሾፌር በግራ ጫፍ ቆሟል፤ አሁን የሚሠራበት ሾፌር በቀኝ ጫፍ። የማንን ልብ ይስበር? መጀመሪያ በግራ ቆመ። ካሜራው እንዳለፈው፣ እግሬ አውጪኝ ብሎ በአውቶቡሶቹ ጀርባ ሮጦ፣ እያለከለከ በቀኝ ጫፍ ደረሰና ኮሌታውን አስተካክሎ ቆመ። ቀና በሉ ዓይኗን ከካሜራው ስላልነቀለች አላየችውም።

ማንሳቱ ወደ ማለቁ ሲቃረብ፣ የመካኒኮቹን ጓድ አልፋ ወደሚቀጥለው ስትዞር፣ ጎማው ከእግሯ ሥር ሸሸ። «ወይኔ!» አለች፤ እጆቿ እንደ ወፍ ክንፍ ተዘረጉ፤ ወገቧ ወዲያ፣ ሻሿ ወዲህ ሆነ። ግን አልወደቀችም። ተስተካክላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ቁልፉን ተጫነች። ዳር ደርሳ ስትጨርስ ግቢው አጨበጨበ።

ከሰዓት በኋላ ከጓዳው መጋረጃ አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ልጇም ከሥራ ወጥታ መጣችና በርጩማ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ፎቶዎቹን በተራ መርጣ፣ ፕሮግራሙን አጋጥም ብላ አዘዘችው። አሮጌው ኮምፒውተር እንደ ወፍጮ ጮኸ። ምን ያህል እንደተሠራ የሚያሳየው ሰማያዊ መስመር እየተንፏቀቀ ሄደ። ከዚያ ባንድ ጊዜ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ጋራዡ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ቦግ አለ። ቀጥ ብሎ! ጨረቃው ጠፍቶ፣ ሁሉም እንደ ማስመሪያ ተሰልፎ። ቀና በሉ በደስታ ጠረጴዛውን መታች። ሥራውን ስንት ጊዜ ብትሠራው ይህችን ሰዓት አትጠግባትም፤ አጎቷ ይህን፣ አንድ ጆሮ ያልጎደለበትን ፎቶ፣ ቢያይ ብላ ሁልጊዜ ታስባለች።

ቀጥሎ ጠጋ ብለው አዩት። ወዲያው ልጅቱ ግድግዳ መደገፍ አስፈለጋት። የሥራ አስኪያጁ ትከሻ ላይ የማንም ያልሆነ እጅ ተቀምጧል። አንድ ሾፌር ሦስት ጫማ አድርጓል። በግራ ጫፍ አንድ ሰው ቆሟል፤ በቀኝ ጫፍም አንድ ሰው፣ ያው ሰው፣ በላብ ተጠምቆ፣ ቆሟል። በመሀል በአውቶቡሶች ክፍተት የሚሮጥ አንድ እግር ይታያል።

«ዕድሜ ልኩን አንድ ሰው አንድ ሰው ሲል» አለች ልጅቱ እንባዋን እየጠረገች፣ «ለራሱ ሁለት ወንበር ያዘ!»

ቀና በሉ እየሳቀች ወደ ሥራዋ ገባች። ፎቶዎቹ ተቆራርጠው አልጠፉም፤ እንደ ተነባበረ ብርድ ልብስ አንዱ በሌላው ላይ ተኝቷል። ከእያንዳንዱ አጠገብ ትንሽ የዓይን ምልክት አለች፤ ስትጫናት ያ ፎቶ ይከደናል፣ ደግማ ስትጫናት ይገለጣል። በጥቁር ብሩሽ ስትቀባ የላዩ ይደበቃል፣ በነጭ ስትቀባ ይመለሳል። የሚደራረቡት ቦታ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ሁለት ጊዜ ተነስቷል፤ ስለዚህ ሁለት ፊት አለው፣ አንዱን መምረጥ የእሷ ፋንታ ነው። ሥራ አስኪያጁ ካሜራው ሲያየው ሆዱን ስቦ ይዟል፤ ካሜራው ሲያልፈው ለቆታል፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ። አንድ ሾፌር በመጀመሪያው ጀግና ነው፣ በሁለተኛው ያዛጋል። ሌላው አፍንጫውን ይጎረጉራል። ቀና በሉ እየሳቀች የክብሩን ፊት ታስቀራለች፣ የጓዳውን ትሰውራለች። ብዙ የሰፈር ምስጢር በዚህ ብሩሽ ሥር ተቀብሯል።

ከዚያ መካኒኩ ጋ ደረሰች።

በመጀመሪያው ፎቶ እንደ ጉርድ ፎቶው ነው። ቀጥ ብሎ፣ ደርቆ፣ ፖሊስ ጣቢያ የተጠራ ሰው መስሎ። የዓይን ምልክቷን ተጫነች። ሁለተኛው ፎቶ ተገለጠ።

ከጎኑ ያሉት ሁሉ ካሜራው ካለፋቸው በኋላ ፊታቸውን ወደየጉዳያቸው መልሰዋል። እሱ ብቻ ዓይኑን አልነቀለም። የሚያይበት ቦታ ያው ነው፣ አንድ ስንዝር አልተዛነፈም፤ ፊቱ ግን ሌላ ነው። ጥርሱ ታይቷል። ዓይኖቹ ጠበው፣ ዳራቸው ተሸብሽቦ፣ ግንባሩ ሳይቀር እየሳቀ ነው። ቀና በሉ ይህን ፊት ሰላሳ ጊዜ በርጩማ ላይ አስቀምጣ አይታው አታውቅም።

ከደነች፣ ገለጠች። ከደነች፣ ገለጠች። ተነስታ ውሃ ጠጣች፣ ተመልሳ ተቀመጠች፣ እንደገና ከደነችና ገለጠች።

«እማዬ፣ ሰውዬውን ምን አደረግሽው?» አለች ልጅቱ። «እንደ መኪና ፍሬቻ ይበራል ይጠፋል።»

«ምንም። ፊት እየመረጥኩ ነው።»

ልጅቱ ጠጋ አለች። አየች። ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ከጆሮ እስከ ጆሮ ተዘረጋ። «እማዬ፣ ከካሜራው ጀርባ ምን ነበር?»

«ግንብ።»

«ከግንቡ ፊትስ?»

«ጎማ።»

«ጎማው ላይስ?»

ቀና በሉ ማውዙን ወዲያ ወዲህ ገፋች።

«ጎማው ላይስ፣ እማዬ?»

«እኔ» አለች ቀና በሉ በቀጭን ድምፅ። ወዲያው ደግሞ ተነሳችባት። «መካኒክ አይደል? ጎማ ቢያይ ምን ይገርማል?»

«ጎማ አይቶ እንደዚህ የሚሆን ሰው ካለማ ሐኪም ያስፈልገዋል!» ብላ ልጅቱ እናቷን አቅፋ ወንበሩ ላይ ታወዛውዛት ጀመር። ሁለቱም እንደ ጎረምሳ ሳቁ። ጫማ ሰፊው ግድግዳውን እየደበደበ ምን ሆናችኋል አለ።

ግን ደስታው ብዙ አልቆየም። ቀና በሉ ድንገት ቅዝዝ አለች። ያ ፎቶ የተነሳው መቼ እንደሆነ ትዝ አላት፤ ጎማው በከዳት ጊዜ፣ «ወይኔ» ብላ እንደ ዶሮ በተራገበች ጊዜ። እንግዲያው እየሳቀባት ነበር! ማን አይስቅም? ሻሿ ተንጋዶ፣ ወገቧ ተጣምሞ ሲያይ ግንቡም ቢሆን ይስቅ ነበር። ፊቷ ጋለ።

«ጠይቂው» አለች ልጇ።

«ምን ብዬ? ‹ይቅርታ፣ የሳቁት ወደውኝ ነው ወይስ ታዝበውኝ?›»

«አዎ፣ እንደዛ ብለሽ።»

ጋራዡ ሊነሳ አንድ ቀን ቀረው። ማተሚያ ቤቱ ፎቶውን ዛሬውኑ ካልላክሽልኝ አይደርስም ብሏል። ሥራ አስኪያጁም «ሁሉም ጨዋ ፊቱን ያድርግ፣ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው» ብሎ አስጠንቅቋል። ሌላው ሁሉ አልቋል፤ የማንም ያልሆነችው እጅ ተሰውራለች፣ ሦስተኛው ጫማ ተደብቋል፣ የሚሮጠው እግር ጠፍቷል። አንድ ሰው ግን ሁለት ቦታ ቀርቷል፤ ሁለቱም ሾፌሮች እኔ ጋ ይቁም ብለው ለምነዋታልና። የቀረው የመካኒኩ ፊት ብቻ ነው። አንዱን ብትመርጥ ሌላውን ማንም አያየውም።

በዚያ ሰዓት የጋራዡ ቧንቧ ተንፏፏ።

«እኔ ዳቦ ልገዛ» አለች ልጅቱ። ሄዳ በሩን ከፍታ፣ ድም አድርጋ ዘግታ፣ በእግር ጣቷ ተመልሳ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ቀና በሉ ነገሩን አልነቃችበትም፤ መስተዋቱ ፊት ነበረች።

መካኒኩ ገባ። እጁ እስከ ክርኑ ቀልቷል፣ የሳሙና አረፋ ጆሮው ሥር ቀርቷል።

«ጉርድ ፎቶ ነበር» አለ። «ለአዲሱ ግቢ መግቢያ።»

እጁን ወደ ኮቱ ሲዘረጋ፣ ቀና በሉ «ይቆዩ» አለችው። ድምፅዋ የእሷ አልመሰላትም። «መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳይዎት። ለማተሚያ ቤት ልልክ ነው፣ ባለቤቱ ይምረጥ ብዬ ነው።»

ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት። ደረቁን ፊት አሳየችው። ከዚያ ምልክቷን ተጫነችና ሁለተኛውን ገለጠች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ከጆሮው ጀምሮ ቀላ። ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሿን የያዘች ሰው ልትታፈን ደረሰች።

«የቅድሙን፣ የደረቁን ሰውዬ አላውቀውም» አለ በመጨረሻ። «ይሄኛው ግን እኔ ነኝ።»

ቀና በሉ ሞት ካልቀረ አለች በሆዷ። «ምን አሳቀዎት ታዲያ? ልወድቅ ስል ነው አይደል?»

«አይደለም። ስላልወደቁ ነው።» ሌላ ቀን ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር፤ ዛሬ ግን ነገ የለውም። «ጎማው ላይ ከወጡ ጀምሮ እያሰላሁ ነበር። ቢወድቁ ከቆምኩበት ሮጬ እደርስ ይሆን እያልኩ።»

«ይደርሱ ነበር?»

«አልደርስም ነበር።» ንጹሕ እጆቹን ምን ላድርጋችሁ በሚል ዓይነት አያቸው። «በጣም ሩቅ ነበርኩ። አሁን ደግሞ ከከተማ ልታወጣኝ ነው፣ ይቺ ጋራዥ። ስለዚህ... መቅረብ አለብኝ ብዬ ነው የመጣሁት። የሚፈቅዱልኝ ከሆነ። ፎቶውማ፣ ቤቴ ካርቶን ሙሉ አለኝ።»

ቀና በሉ መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተች። መልሱ ግን በሳቅ መጣ፤ ያ የሚያስለቅስ፣ የሚያስነጥስ ሳቅ። ጠረጴዛውን ያዘች። እሱም ሳቀ፣ ያንኑ የሁለተኛውን ፎቶ ሳቅ፣ አሁን ግን በድምፅ። «እፈቅዳለሁ» አለች ትንፋሽ ስታገኝ። «ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን ለማለት ካርቶን የሚሞላ? እፈቅዳለሁ!» ይህን ጊዜ መጋረጃው ከነብረቱ ወደቀ፤ ከሥሩ ዳቦ ልትገዛ የሄደችው ልጅ እየጮኸች ወጣች፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አቀፈች፣ መካኒኩም የሚያቅፈው አጥቶ ሁለቱንም አቀፈ። ጫማ ሰፊው አሁንስ ቤቱ ፈረሰ ብሎ ከነመዶሻው ሮጦ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሦስቱን አየና «አይ፣ ሠላም ነው» ብሎ ወሬውን ለመድኃኒት ቤቷ ልጅ ሊያደርስ በመጣበት ፍጥነት ተመለሰ።

ፎቶው ማተሚያ ቤት የሄደው ከሚስቀው ፊት ጋር ነው። ሥራ አስኪያጁ ሲሰቀል አይቶ «ጨዋ ፊት ብዬ ነበር እኮ!» አለ፤ ግን የራሱ ሆድ ተስቦ ስለወጣለት ነገሩን አላከረረውም።

ዛሬ መካኒኩ ጠዋት ጠዋት ከፎቶ ቤቷ ሰፈር ተነስቶ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ አዲሱ ግቢ ይሄዳል፤ ማታ ደግሞ ወደ ቤታቸው ይመለሳል። አዲስ የተቀጠረ ሾፌር ሁሉ እዚያ ግድግዳ ሥር መቆሙ አይቀርም። መጀመሪያ አንድን ሰው ሁለት ቦታ አይቶ ዓይኑን ያሻል። ቀጥሎ ያ ሁሉ ሕዝብ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ተኮሳትሮ ሳለ በመሀል ጥርሱን የገለጠውን መካኒክ ያይና ዞር ብሎ ይጠይቀዋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ብቻዎን ምን እያዩ ነው የሚስቁት?»

«ሚስቴን» ይላል መካኒኩ፣ ከሞተሩ ሥር ቀና ሳይል።

ነባሮቹ ይጮሁበታል። «ኧረ ውሸታም! ያኔ መቼ ሚስትህ ነበረች?»

«ነበረች» ይላል እሱ። «እሷ አታውቅም ነበር እንጂ።»